ኩዌት ለምትሄደው ልጄ



እናትሽ በሻንጣሽ ሽሮና በርበሬ ስትጠቀጥቅ አባትሽ ደግሞ ይህችን ደብዳቤ ሸጉጧል። ጂኦግራፊ ሲያስተምር ያረጀ ሰው ልጁን ወደ ባዕድ አገር ሲሸኝ ሊያሲዛት የሚችለው ስንቅ አገሩን ማሳወቅ ነው። ኤጀንሲው ስለ ዲናሩ ነግሮሻል። ዲናሩን ማን እንደሚያገኘው፣ በየትኛው ወረቀትና በየትኛው ሕግ እንደሚያገኘው ግን አልነገረሽም። አባትሽ የሚጽፍልሽ ስለዚያ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ውልሽም ደመወዝሽም በዚያ ስለሚቆጠር ከአሁኑ ልመጂው።

ኩዌት በባሕረ ሰላጤው ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ በኢራቅና በሳዑዲ ዓረቢያ መካከል የምትገኝ ጠፍጣፋ የበረሃ አገር ናት። ስፋቷ 17,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኢትዮጵያ ከስልሳ እጥፍ በላይ ትበልጣታለች። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ድሮ የሚጠጣው ውኃ ከሻት አል ዐረብ በጀልባ እየተጫነ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ከቧንቧ የሚወርደው በአብዛኛው ጨዉ የወጣለት የባሕር ውኃ ነው። በፎቶ ያየሻቸው ሰማያዊ ድብልብል ያለባቸው የኩዌት ማማዎች በ1979 የተከፈቱ ሲሆን ዋና ሥራቸው ውኃ ማጠራቀም ነው። ሙቀቱን ቀላል አድርገሽ አትመልከቺው። ጁላይ 21 ቀን 2016 ምትሪባ በተባለ ስፍራ 53.9 ዲግሪ ተመዝግቦ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት አረጋግጦታል። መንግሥት ከጁን እስከ ኦገስት መጨረሻ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል። ክልከላው በዋናነት የታሰበው ለግንባታና ለመሰል ሠራተኞች ስለሆነ በቤት ውስጥ ሆነሽ የሚያስታውስልሽ ላይኖር ይችላል። ግቢ ማጠብና ጣሪያ መጥረግ ካለብሽ በማለዳ ልትጨርሺው እንደምትፈልጊ በጊዜ ተናገሪ።

የዛሬ መቶ ዓመት የዚህች አገር ሰው ኑሮው ባሕር ነበር። የእንጨት መርከብ ይሠራል፤ የባስራን ቴምር ጭኖ እስከ ሕንድና እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ይነግዳል፤ ሲመለስ ከላሙና ከዛንዚባር በኩል የቤት ጣሪያ እንጨት ያመጣል። በበጋው ደግሞ ዕንቁ ፍለጋ ይጠልቃል። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዞ፣ እግሩን ድንጋይ በታሰረበት ገመድ አስገብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። ቤተሰቡ እሱ ባሕር ላይ ሳለ እንዲበላ ከመርከቡ አዛዥ ቀድሞ ብድር ይወስዳል። ዓመቱ ካልሰመረ ዕዳው ለከርሞ ይተላለፋል፤ አባት ሲሞት ዕዳውን ልጅ ወይም ወንድም ተረክቦ የሚጠልቅበት ጊዜም ነበር። ጃፓኖች ዕንቁን ማርባት ከቻሉ በኋላ፣ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ፣ ገበያው ወደቀና ያ ሁሉ ድካም ባዶ ቀረ።

ይህ ታሪክ የተነሣው ላንቺ ነው። ከሥራ በፊት የሚመጣ ዕዳ ሰውን ከገዛ ድካሙ ጋር እንደሚያጣላ ያች አገር በራሷ ልጆች አይታዋለች። ኩዌት በ2015 ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥሩ 68 ነው፣ አሠሪውም ሆነ አስመጪው ቢሮ ሠራተኛዋን ለማስመጣት ያወጣውን ከደመወዟ መቁረጥ አይችልም። መክተቡ፣ ማለትም አስመጪው ቢሮ፣ «የመጣሽበት የሁለት ወር ይቀነሳል» ቢልሽ ዝም ብለሽ አትቀበዪ። እዚህም ለማንም ተጨማሪ ገንዘብ ብለን አንበደርም፤ እናትሽም በዚህ ተስማምታለች።

ከዕንቁ በኋላ የመጣው ነዳጅ ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ድርጅቶች በ1934 በሽርክና ያቋቋሙት የኩዌት ኦይል ኩባንያ በ1938 ቡርጋን ላይ ነዳጅ አገኘ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን ቢያስቆመውም የመጀመሪያው ጭነት በ1946 ወደ ውጭ ተላከ። ቡርጋን ከሳዑዲው ጋዋር ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ትልቅ የነዳጅ ስፍራ ነው። የአገሪቱ ክምችት ወደ 100 ቢሊዮን በርሜል ይገመታል፤ ከ1975 ጀምሮ ኩባንያው ሙሉ በሙሉ በመንግሥት እጅ ነው። የመንግሥት ገቢ አብዛኛው ከዚሁ ስለሚመጣ ዜጋው የገቢ ግብር አይከፍልም፤ ሕክምናና ትምህርት በነፃ ያገኛል፤ ለቤት ይታገዛል፤ ከሚሠራው ዜጋም የሚበዛው የመንግሥት ተቀጣሪ ነው። አንዱ ዲናር ከሦስት የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጣል፤ በዓለም ከእሱ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ገንዘብ የለም።

አባትሽን ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው ግን ገና ሀብቱ ሲመጣ ማስቀመጥ መጀመራቸው ነው። በ1953 ትርፉን በውጭ አገር የሚያሠራ ቦርድ ለንደን ውስጥ አቋቋሙ። በ1976 ደግሞ ከመንግሥት ገቢ በየዓመቱ ከመቶ አሥር ወደ መጪው ትውልድ ፈንድ እንዲገባ በሕግ ደነገጉ። ኦገስት 2 ቀን 1990 የኢራቁ መሪ የሳዳም ጦር አገሪቱን ሲወርር ገዢዎቿ ተሰደዱ፤ የስደቱን መንግሥት ያቆየውና በ1991 ከነፃነት በኋላ አገሪቱን መልሶ ለመገንባት የዋለው በውጭ የተቀመጠው ያ ሀብት ነው። ወራሪው ሲሸሽ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶች አቃጥሎ ስለነበር የመጨረሻው እሳት የጠፋው ኖቬምበር ላይ ነበር። አንቺም እንደ እነሱ ከመቶ አሥር ማስቀመጥ ልመጂ። የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2016 በ60 ዲናር ተወስኗል። ውልሽ ላይ የተጻፈው እሱ ከሆነ በየወሩ 6ቱን ለራስሽ፣ በራስሽ ስም አስቀምጪ። ለእኛ ከምትልኪው በፊት። ወንድሞችሽ ሞተር ብስክሌት፣ አጎትሽ ቆርቆሮ ይጠይቁሽ ይሆናል፤ መልሱን አባትሽ ይሰጣቸዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በኩዌት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይኖራል፤ ዜጋው ከሦስት አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ሕንዳዊ፣ ግብፃዊ፣ ባንግላዴሻዊ፣ ፊሊፒናዊ፣ እንዳንቺም ኢትዮጵያዊ ነው። እዚያው ተወልደው ዜግነት የሌላቸው ቢዱን የሚባሉ ሰዎችም አሉ፤ ቁጥራቸው ወደ 100 ሺህ ይገመታል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ መንግሥት የብዙ ሺህ ሰዎችን ዜግነት ሰርዟል፤ ብዙዎቹ በጋብቻ ኩዌታዊ የሆኑ ሴቶች ናቸው። በዚያች አገር ሰው የሚያገኘውም የሚያጣውም በያዘው ወረቀት ነው። ያንቺ ወረቀት ቪዛ 20 ይባላል፤ የቤት ሠራተኛ ቪዛ ነው። በሱቅና በድርጅት የሚሠሩት በቪዛ 18 የገቡ ናቸው፤ የሚገዙበትም ሕግ ሌላ ነው። ሱቅ የምትሠራ ጓደኛሽ «እኛ ጋ እንዲህ ነው» ብትልሽ ላንቺ ላይሠራ ይችላል።

ያንቺ ሕግ የሚለውን በቃልሽ ያዢ። ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ በመካከሉም ዕረፍት አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በዓመት 30 ቀን ከነደመወዙ ዕረፍት አለሽ። ውልሽን ጨርሰሽ ስትወጪ ለሠራሽበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይከፈልሻል። አሠሪ ፓስፖርትሽንና መታወቂያሽን ያለ ፈቃድሽ መያዝ አይችልም። «ያለ ፈቃድሽ» የሚለውን ልብ በይ፤ ማዳም በፍቅር «እኔ ላስቀምጥልሽ» ብትልሽ በትሕትና አመስግነሽ ራስሽ ያዢው። ያልተቀበልሽውን ደመወዝ ተቀበልኩ ብለሽ አትፈርሚ።

ሕጉ ጥሩ ነው፤ የሚያስፈጽመው ግን በየቤቱ አይገባም። ካፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት መኖሪያ ፈቃድሽ ከካፊልሽ፣ ማለትም ከአሠሪሽ፣ ጋር የታሰረ ነው፤ ቤቱን ጥለሽ ብትወጪ «ጠፍታለች» ብሎ ሊያስመዘግብሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ ተበዳይዋ አንቺ ሆነሽ ሕገ ወጥ ትባያለሽ። በ2018 አንዲት የፊሊፒንስ ሠራተኛ ተገድላ ስትገኝ የፊሊፒንስ መንግሥት ሠራተኛ መላክ አቁሞ፣ ዜጎቹ ስልካቸውና ፓስፖርታቸው በእጃቸው እንዲሆን የሚያደርግ ስምምነት ካስፈረመ በኋላ ነው መልሶ የፈቀደው። የእኛም መንግሥት በ2013 ጉዞውን አግዶ እስከ 2018 አቆይቶት ነበር፤ እገዳው ግን በሕገ ወጥ መንገድ የሚሄደውን አላስቆመም። አንቺ በሕጋዊ መንገድ መሄድሽ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ቢከፋሽ ጠፍቶ መሥራትን የመጀመሪያ ሐሳብሽ አታድርጊው። ቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው የሰው ኃይል ባለሥልጣን አቤቱታ ይቀበላል፤ መንግሥት ያዘጋጀው የሴቶች መጠለያም አለ፤ ኤምባሲያችንም እዚያው ኩዌት ውስጥ ነው። ሕይወትሽ ወይም ክብርሽ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዪው፤ ውጪ፣ ወረቀቱ በኋላ ይስተካከላል።

ስለ መንግሥታቸው ጥቂት። የአል ሳባህ ቤተሰብ ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ይገዛል። በ1899 ሼህ ሙባረክ ከእንግሊዝ ጋር የጥበቃ ውል ተፈራረሙ፤ ነፃነት በ1961 መጣ፤ ሕገ መንግሥት በ1962 ወጣ። 50 ተመራጮች የነበሩት ፓርላማ ሚኒስትሮችን አቁሞ የሚጠይቅ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዘንድ ወደር ያልነበረው ነበር። ሴቶች የመምረጥ መብት በ2005 አገኙ፤ በ2009 አራት ሴቶች ተመረጡ። በዲሴምበር 2023 ሥልጣን የያዙት አሚር ሼህ ሚሻል በሜይ 2024 ፓርላማውን በትነው አንዳንድ የሕገ መንግሥቱን አንቀጾች እስከ አራት ዓመት አገዱ። ወንዶቹ ይህን ሁሉ የሚያወሩት ዲዋንያ በሚባለው የእንግዳ ክፍል ነው፤ ሻዩና እራቱ ከኩሽና የሚወጣው ላንቺ ሥራ ስለሆነ ዲዋንያ በየስንት ቀኑ እንደሚሰበሰብ ገና ስትገቢ ጠይቂ። በረመዳን ሌሊቱ ቀን ይሆናል፤ ያኔ የዕረፍት ሰዓትሽን ቀድመሽ ከማዳም ጋር ተነጋገሪ። ስለ አሚሩና ስለ ቤተሰባቸው በስልክም በማኅበራዊ ሚዲያም ምንም አትጻፊ፤ አሚሩን መንቀፍ እዚያ ያሳስራል።

የመጨረሻው። የኩዌት አድራሻ የሚነገረው በሰፈር፣ በብሎክ፣ በመንገድና በቤት ቁጥር ነው። በገባሽ ሳምንት አራቱንም በዓረብኛ መናገር ልመጂ፤ 112 ደውለሽ ፖሊስ ብትጠሪ የሚጠይቅሽ እሱን ነው። ባለ 12 አሐዝ ቁጥር ያለው የሲቪል መታወቂያሽ፣ እነሱ ባጣቃ የሚሉት፣ እጅሽ የገባ ዕለት ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሥተሽ ከአድራሻው ጋር ላኪልን። ማታም ቢሆን ላኪው፤ አባትሽ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ይጠብቃል።

አባትሽ