ወደ ላይ እየወጡ ስለሚኖሩ ሰዎች፤ የመቲ ደንና የማጃንግ ሕዝብ
ሰው የሚኖርበትን ስፍራ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር እንደ ሥራውና እንደ ልማዱ ልዩ ልዩ ነው። ባለ ከብት ስለ ሣርና ስለ ውሃ ይጠይቃል፤ ነጋዴ ስለ መንገድና ስለ ገበያ ይጠይቃል፤ በመንግሥት ሥራ ያለነውም ለመሥሪያ ቤታችን ቅርብ የሆነውን፣ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ ለራሳችን ደኅና ጎረቤት ያለበትን እንሻለን። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድመው «የምንወጣበት ምን አለ?» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። እነዚህም ገደል መውጣትን ሥራቸው ወይም ደስታቸው ያደረጉ ናቸው። ዛሬ ስለ እነርሱ ጥቂት ከተናገርን በኋላ፣ በአገራችን በምዕራብ በኩል በጋምቤላ ክልል ስላለችው ስለ መቲ አገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስታውቅ አሰብን።

በፈረንሳይ አገር በሞን ብላን ተራራ ሥር ሻሞኒ የምትባል ከተማ አለች። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1786 ዓመት ዣክ ባልማና ሐኪሙ ፓካር ከተራራው ራስ ላይ ከሰው ሁሉ አስቀድመው ወጡ፤ ሁለቱም የዚያው ሸለቆ ሰዎች ነበሩ። ባልማ በገደል ላይ መሄድን የተማረው ለጨዋታ አልነበረም፤ የተራራ ፍየል እያደነ፣ ከአለቱ ስንጥቅ ውስጥ የሚያበራ ድንጋይ እየለቀመ የሚሸጥ ሰው ነበረ። ከእነርሱ በኋላ ግን ለመውጣት ብቻ ብለው ከሩቅ አገር እየመጡ በዚያች ከተማ የሚቀመጡ ሰዎች በዙ። በአሜሪካም በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ በሚባለው ሸለቆ ኤል ካፒታን የተባለ 900 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመ አለት አለ፤ በ1958 ዓመት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ሰው መጀመሪያ በፊት ለፊቱ ወጣበት። በአለቱ አቅራቢያ ካምፕ 4 የተባለውን የድንኳን ሜዳ ብዙ ወጣቶች መኖሪያቸው አደረጉት፤ በ2003 ዓመትም የአሜሪካ መንግሥት ሜዳውን ከታሪክ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ አገባው። የድንኳን ሜዳ በታሪክ መዝገብ መጻፉ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን እኛም ነገሥታቶቻችን ብዙ ዘመን በድንኳን ከተማ ሲኖሩ የኖሩ ስለ ሆነ በዚህ አብዝተን ልንደነቅ አይገባንም።

በእኛም አገር በገደል ላይ መኖርን የመረጡ ከሁሉ የቀደሙ ናቸው። አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት የደብረ ዳሞ ገዳም እስከ ዛሬ ድረስ መነኮሳቱ በጠፍር ገመድ እየተሳቡ የሚወጡበት ነው። አምባ ግሼንም በቀደመው ዘመን የነገሥታት ልጆች ለመንግሥት እንዳይሻሙ ተብለው የሚጠበቁበት ስፍራ ነበረ። አንዱ ገደል ለጸሎት ተመረጠ፤ ሁለተኛውን ግን በላዩ የኖሩት ራሳቸው አልመረጡትም።

እነዚህ ሁሉ የሚወጡበት አለት ነው። አለትም ትውልድ ቢያልፍ አያልፍም፤ ሻሞኒ የሚቀመጥ ሰው የልጅ ልጁም ያንኑ ተራራ እንደሚያገኘው አይጠራጠርም። በመቲ ግን ሰው የሚወጣበት ነገር ዛፍ ነው።

ጋምቤላ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የባሮን ወንዝና የቈላውን ሙቀት ነው። ይህም ትክክል ነው፤ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ከተደረገው ውል በኋላ በዚያ ወንዝ ዳር የንግድ ወደብ ተቋቁሞ፣ የኢትዮጵያ ቡና ክረምት በመጣ ጊዜ በመርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። በዚያ በኩል የሚኖር ሰው መኖሪያውን የሚመርጠው በውሃ ነው፤ የኑዌር ሰዎችም በበጋ ከብታቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ ውሃው ሲሞላ ወደ ደረቁ ይመለሳሉ። የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ መቲ ግን የክልሉ ሌላ ፊት ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ በጅማና በሚዛን አድርጎ ቴፒ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ መቲ በሄደ ቍጥር ምድሩ ይረጥባል፤ ጥላውም ይጠነክራል። ወረዳው ጎደሬ ይባላል፤ በስሙ የሚጠራው የሥር ምግብም በየጓሮው ይገኛል።

እኛም ወደ ደኑ በገባን ጊዜ አንገታችንን ወደ ኋላ አጥፈን ወደ ላይ ብንመለከት፣ ከቅርንጫፍ ላይ የተጋደመ አጭር ግንድ የመሰለ ነገር አየን። እርሱ ቀፎ ነው። የማጃንግ ሰው ግንድ ቈርጦ፣ ውስጡን ፈልፍሎ፣ ቀፎ ያደርገዋል፤ ከዚያም ሐረግ ይዞ ረዥም ዛፍ ላይ ይወጣል። በእነዚህ ዛፎች የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከምድር የሰው ቁመት አሥር እጥፍ ያህል ሊርቅ ይችላል። ግንዱ ለእቅፍ የማይበቃ ሲሆን ሐረጉ የእጁ ማራዘሚያ ይሆነዋል። ማር ለመቍረጥ ሲወጣ ደግሞ የሚጤስ ነገር ይይዛል፤ ንቡን በጢስ ያርቃል፤ ማሩን በገመድ ወደ ታች ይሰዳል። በታች የቆሙት ያሉት ሁሉ እርሱ እስኪወርድ ድረስ ዓይናቸውን አያነሡም። የሻሞኒ ሰው ብረትና የተፈተነ ገመድ አለው፤ የማጃንግ ሰው ሐረጉን የሚፈትነው በራሱ ክብደት ነው። በየግብሩ ላይ ብርሌ አንሥተን ጠጅ ስንጠጣ ማሩን ማን ከየት አወረደው ብለን የጠየቅን ብዙ አይደለንም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው መኖሪያውን እንዴት ይመርጣል? ጃክ ስቶደር የተባለ የውጭ አገር ሰው ስለዚህ ሕዝብ አጥንቶ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1971 ዓመት መጽሐፍ አሳትሟል። ከዚያም ከአገሩ ሰዎችም እንደሚታወቀው፣ ማጃንግ በቀድሞ ልማዱ ደኑን ጥቂት መንጥሮ በቆሎ፣ ማሽላና ሥራ ሥር ይዘራል፤ መሬቱ ሲደክም ወደ ሌላ ይሄዳል። ከጎረቤት ጋር ቢጣላም፣ በቤቱ ሞት ቢገባም ይነሣል። ቤቱ ቀላል ስለ ሆነ መተዉ አይከብደውም። ይህን ያዩ አንዳንድ ሰዎች «መኖሪያ የለውም፤ ዘላን ነው» ይሉታል። በእኛ አስተያየት ግን ይህ ነገሩን ከታች ብቻ መመልከት ነው። ቤቱ ይነሣል እንጂ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ከቦታው አይነሣም፤ የማን እንደ ሆነም በሰፈሩ ይታወቃል። ሰውዬው ከእርሻ ወደ እርሻ ሲዛወር የሚዞረው በእነዚያ ዛፎች ዙሪያ ነው። አዲስ ስፍራ ሲፈልግም ከአፈሩ ጋር የደኑን አበባ ያያል፤ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ፣ ከቀፎው እስከ ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ ዛፉ ሽቅብ ሰው የሚሸከም እንደ ሆነ ይመረምራል። እኛ ከተሜዎች ቤት ስንከራይ ይህን ያህል አንመረምርም።

ይህ ምርጫ ግን ዛፉ እስከ ቆመ ድረስ ነው። በደርግ ዘመን ተበታትነው የሚኖሩት ሰዎች በመንደር እንዲሰበሰቡ ተደረገ፤ ከደጋውም አገር ብዙ ሰው መጥቶ በጎደሬ ሰፈረ። ቡና በደን ጥላ ሥር ይበቅላልና መልካም ነው፤ ሆኖም ጥላው ሲሳሳ፣ ደኑም በየቦታው ሲቈራረጥ ረዣዥሞቹ ዛፎች አስቀድመው ይወድቃሉ። በ2002 ዓ.ም. ከዚሁ ደን 3 ሺህ ሄክታር ያህል ለሻይ ተክል ለውጭ ኩባንያ ተከራየ። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ላይም በመሬት ነገር በማጃንግና በሰፋሪዎች መካከል በመቲና በዙሪያዋ ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በሁለቱም ወገን ያለቀሱ እናቶች ነበሩ። ሰፋሪውም ልጆቹን ለማብላት የመጣ ሰው ስለ ሆነ በእርሱ ብቻ መፍረድ አይገባም። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ የማጃንግን ደን ከዓለም የሰውና የሕይወት ክልሎች ጋር መዘገበው፤ ስፋቱም ከ2 መቶ ሺህ ሄክታር በላይ ነው።

እኛ በፍርድ ቤት ወረቀት መካከል የምንውል እንደ መሆናችን ይልቁን የምናስበው ስለ መዝገቡ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ገበሬው መሬት በነጻ እንዲያገኝና እንዳይነቀል፣ አርብቶ አደሩም ለግጦሽ መሬት እንዲኖረውና እንዳይፈናቀል ደንግጓል። የማጃንግ ሰው እርሻ አለውና በገበሬነቱ ይጻፋል፤ በዚህም ይጠበቃል። የሚጻፍለት ግን የሚያርሰው ቍራሽ ነው፤ ሃምሳ ቀፎ ቢኖረውና ቀፎዎቹ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው በደኑ ውስጥ ቢሆኑ፣ በእርሻው ደብተር ላይ ስፍራ የላቸውም። ነገር ወደ ችሎት በመጣ ጊዜም አንዱ ወገን ማኅተም ያለበት ወረቀት ያቀርባል፤ ሌላው ጣቱን ወደ ዛፍ ያነሣል። ዳኛ ከቀረበለት ማስረጃ ውጭ ሊፈርድ አይችልም።

መንገዱ ጨርሶ የተዘጋ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብ ደን የሚባል ይዞታ ያውቃል፤ በዚህ መሠረት የመቲ ሰዎች ደናቸውን በኅብረት ስማቸው ሊያስጽፉ ይችላሉ። ይህ በሚደረግበት ጊዜ የወሰኑ ልክ ብቻ ሳይሆን ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የት እንደ ሆነና የማን እንደ ሆነ የሚጻፍበት መስመር በቅጹ ላይ ቢጨመር መልካም ይመስለናል። ሽማግሌዎቹ ዛፎቹን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል፤ ለጸሐፊውም የሚፈልግበት አንድ ተጨማሪ መስመርና ጥቂት ቀለም ነው።