ሁለት ስም፣ አንድ አድራሻ

አዲስ አበባ ውስጥ ለእንግዳ ቤታችንን ስንጠቁም የቤት ቁጥር አንጠራም። «ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» እንላለን፤ በቃ። ኮምፒውተሮች ግን የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ስሙ ለእኛ፣ ቁጥሩ ለእነሱ። ስለዚህ ፕሮግራም ሁሉ ከሩቅ ማሽን ጋር ከመገናኘቱ በፊት «ይህ ስም ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እኔ በሲ ቋንቋ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ከዚህች ጥያቄ ጋር ብዙ አምሽቻለሁ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአርፓኔት ላይ የነበሩት ማሽኖች ስም ሁሉ በአንድ ፋይል ይመዘገብ ነበር። መዝገቡን ካሊፎርኒያ ውስጥ የያዘውን ማዕከል የምትመራው ኤልዛቤት ፋይንለር ነበረች። መረቡ ሲሰፋ አንድ መዝገብ አልበቃ አለ፤ በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን ነደፈና ሥራው ለብዙ ሰርቨሮች ተከፋፈለ።

ለሲ ፕሮግራመር ግን ይህ ሁሉ ከአንድ ፈንክሽን ጀርባ ተደብቋል፤ ጌትሆስትባይኔም ይባላል። ስም ትሰጡታላችሁ፣ አድራሻ ይሰጣችኋል። ችግሩ መልሱን የሚጽፈው በራሱ ሰሌዳ ላይ መሆኑ ነው። እናንተ የምትቀበሉት ወደ ሰሌዳው የሚጠቁም ፖይንተር ብቻ ነው። ሌላ ስም ስትጠይቁት የቀደመውን አጥፍቶ እዚያው ላይ ይጽፋል።

ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን የአንድ ክሊኒክ ፕሮግራም ስረከብ ነው። ፕሮግራሙ የላቦራቶሪ ውጤት ወደ ሐኪሞች ይልካል፤ ዋና ሰርቨርና መጠባበቂያ ነበሩት። አንድ ቀን ማታ ነርሷ ደወለች። «ወንድሜ፣ ውጤቱ እኮ አልደረሰንም። ሐኪሙ መድኃኒት ለማዘዝ እሱን ነው የሚጠብቀው።» ላቦራቶሪው ውጤቱን በስልክ እንዲያነብላቸው አደረግንና ኮዱን ከፈትኩት።

ፕሮግራሙ «ሁለቱም ሰርቨሮች አይሠሩም» ይላል። ዋናው ግን ደህና ነበር፤ የጠፋው መጠባበቂያው ብቻ ነው። ሁለቱን ፖይንተሮች በስክሪን ላይ አሳተምኳቸው። አንድ ናቸው! ከእኔ በፊት የጻፈው ሰው ዋናውን ጠይቆ ፖይንተሩን ያዘ፤ ከዚያ መጠባበቂያውን ጠይቆ ያንንም ያዘ። አድራሻውን ግን አልገለበጠውም። ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ አጥፍቶታል። ክሊኒኩ ያን ሁሉ ጊዜ ሲሠራ የኖረው በመጠባበቂያው ብቻ ነበር፤ ስላልተቋረጠ ማንም አላወቀም።

ማስተካከያው አዲሱ ፈንክሽን፣ ጌትአድርኢንፎ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የየራሱን ቦታ ይዞ ይመልሳል፤ ስትጨርሱ በፍሪአድርኢንፎ ትለቁታላችሁ። የሚሰጣችሁም አንድ አድራሻ ሳይሆን እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ዝርዝር ነው፤ ባለ 32 ቢቱም ባለ 128 ቢቱም ሊኖርበት ይችላል። አንዱ እምቢ ሲል ወደ ቀጣዩ ታልፋላችሁ። ሳይሳካለት ሲቀርም ምክንያቱን ይለያል፦ «ስሙ አይታወቅም» እና «ለጊዜው አልተቻለም፣ ቆይተህ ሞክር» ለየብቻ ናቸው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። ለሁለተኛው ፕሮግራሙ ራሱ ጠብቆ እንዲሞክር አደረግኩት፤ ለመጀመሪያው ሰው እንዲጠራ። የፖዚክስ ደረጃም በ2008 እትሙ አሮጌውን ፈንክሽን አውጥቶታል፤ በቆዩ ኮዶች ውስጥ ግን ዛሬም አለ።

ኮዱን ቀይሬ መጠባበቂያው እንደጠፋ ሞከርኩት፤ ውጤቶቹ በዋናው በኩል አለፉ። ከዚያ መጠባበቂያው ሲነሳ ዋናውን አስጠፍቼ ደግሜ ሞከርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ድርጅት «እኛ እኮ መጠባበቂያ አለን» ሲለኝ ስሙን አልጠይቅም። «አንዱን አጥፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ዝምታ ነው፤ ሥራዬም ከዚያ ይጀምራል።