ራስ ደጀን ለምትወጣ ልጄ

ከቴፒ ጓደኞችሽ ጋር ራስ ደጀን ልትወጪ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እናትሽ ግን እንቅልፍ አጥታለች፤ እኔም የምልሽ አለኝ።

ያደግሽው ሚዛን፣ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ፣ በቡና ጥላ ሥር ነው። ደባርቅ ከመኪና ስትወርጂ የዚያን እጥፍ ያህል ከፍታ ላይ ትሆኛለሽ፤ የራስ ደጀን ጫፍ ደግሞ ከ4,500 ሜትር ያልፋል። እዚያ አገር ባስተማርኩበት ዘመን ታመው ሲመለሱ ያየኋቸው አብዛኞቹ ጉልበተኞች ነበሩ፤ ይቸኩላሉና። ሰውነት ስስ አየር የሚለምደው፣ እሸት ቡና አልጋ ላይ እንደሚደርቀው፣ በቀናት ብዛት ነው። ሳንቃ በር እደሪ፣ ግጭ እደሪ፣ ከዚያ ጨነቅ። በመኪና በቀጥታ ጨነቅ እንግባ የሚል ቢመጣ እሺ እንዳትይ።

ከጨነቅ ወዲያ ቧሂትን ተሻግራችሁ እስከ መሸሃ ወንዝ ትወርዳላችሁ፤ ከወንዙ እንደገና ሽቅብ ወደ አምቢቆ። ጉልበት የሚሰብረው ያ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ዳገት መውጣትን ብቻ ሳይሆን መውረድንም ተለማመጂ።

ራስሽን ካመመሽና ካቅለሸለሸሽ ለመንገድ መሪያችሁ ሳትደብቂ ንገሪ፤ እስኪሻልሽ አንድ እርምጃ ወደ ላይ አትጨምሪ። እርምጃሽ ከተወላገደ ወይም ተቀምጠሽም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ከሰው ጋር ውረጂ። ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ጫፉ ሊታይሽ ጥቂት ቀርቶሽ ብትመለሺ በእኔ ዘንድ ክብርሽ አይጎድልም።

ሌሊቱ ውርጭ ነው። ላብ የያዘ የጥጥ ልብስ ስለሚያቀዘቅዝ ከሥር ሱፍ ልበሺ። ሽምብራና ባቄላ አትሸከሙ፤ ጨነቅ ላይ ውሃ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። በሶና ቆሎ ያዙ። ቡናውን እናትሽ ቆልታ ወቅጣ ልካለች።

ዋልያ ብታዪ አትጠጊው፤ ጅብራም ለማገዶ አትቁረጡ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። ደናችን ሲመነጠር እያየን ለኖርን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከመነሳትሽ በፊት የመንገዱን ሰላም ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጣሪ። ጥሩ ዜና ካላገኘሽ ጉዞውን ለሌላ ኅዳር አቆዪው። ደባርቅ ስትመለሺ መጀመሪያ ለእናትሽ ደውዪላት።

አባትሽ