ሥዕልን ስለ ማረምና እርማትን ስለ መቀበል

ሰው በእጁ የሠራውን ሥራ ለሌላ ሰው ዐይን ባቀረበ ጊዜ ሥራውን ብቻ አያቀርብም፤ ከሥራው ጋራ ልቡንም ያቀርባል። ስለዚህ «ይህ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጀማሪ ጥያቄው ሁለት ነው። በአፉ የሚጠይቀው ስለ ሥራው ነው፤ በልቡ የሚጠይቀው ግን «ልቀጥል ወይስ ልተው?» እያለ ነው። መልስ ሰጪው ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይሰማ የመጀመሪያውን ብቻ የመለሰ እንደ ሆነ፣ ቃሉ እውነት ቢሆንም ሰውን ይሰብራል። ሁለተኛውን ብቻ ሰምቶ ለማስደሰት ሲል ከመጀመሪያው የሸሸ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ቃሉ ጣፋጭ ቢሆንም ጀማሪውን ካለበት ስፍራ አያንቀሳቅሰውም።

ይህ ነገር በጥበብ ሁሉ የሚገኝ ቢሆንም በዛሬው ዘመን አብልጦ የሚታየው በታብሌትና በኮምፒዩተር በሚሣለው ሥዕል ነው። ቀድሞ ሥዕል መማር የሚሻ ሰው ብራና ወይም ሸራ፣ ቀለምና ብሩሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መምህር ያስፈልገው ነበር። ዛሬ ግን አንድ ታብሌትና አንድ የመሣያ ብዕር ያገኘ ልጅ፣ ክሪታን የመሰለ ዋጋ የማይከፈልበት ፕሮግራም ጭኖ በቤቱ ተቀምጦ ሊሥል ይችላል። ቀለሙ አያልቅበትም፤ የተሳሳተው መስመር በአንድ ንክኪ ይጠፋል፤ ሥዕሉም እርስ በርሳቸው በተነባበሩ ሌየሮች ስለሚሠራ ፊቱን ሳይነኩ ልብሱን መለወጥ ይቻላል። መሣሪያው ይህን ሁሉ ሲሰጥ አንድ ነገር ግን አይሰጥም፤ ይኸውም የሚያርም መምህር ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1957 በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ሠዓሊዎችን ያስተምራል፤ ነገር ግን ለፍቅሩ ብቻ የሚሥለው ሁሉ በዚያ ደጅ ሊገባ አይችልም። እንግዲህ መምህሩ ጎረቤቱ፣ ጓደኛውና ዘመዱ ሊሆኑ ነው።

ወጣቶቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት አዲስ ገጸ ባሕርይ መፍጠር ነው፤ ማለት መልክ፣ ልብስ፣ አቋምና ጠባይ ያለው በዓለም ያልነበረ ሰው መሣል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለው በሥዕል የተተረከ የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ከወጣ ወዲህ፣ ይህ ምኞት የሕልም ብቻ አለመሆኑን ብዙዎች ተረድተዋል። ጉዳዩም ቀላል አይደለም። ልጆች ጀግናን የሚያስቡት በሚያዩት መልክ ነው። አገሩን በሚያውቅ ሰው ዐይን ታይቶ ያልታረመ ጀግና ደግሞ መልኩን ሁሉ ከሌላ አገር ተውሶ ይቀራል።

ከቂርቆስ ወገን ስሙ ግማሹ የአገር፣ ግማሹ የእንግሊዝ በሆነው በመስቀል ፍላወር ሰፈር የሚኖር አንድ ወጣት ነበረ። ቀን በሱቅ ሒሳብ ይይዛል፤ ሌሊት ይሥላል። አባቱ ነገሩን የልጅ ጨዋታ ነው እያለ ይነቅፍበት ነበር። ወጣቱም ብዙ ወር ደክሞ አንዲት ልጅ ፈጠረ፤ እንስራ ያዘለች፣ የአገሯን ምንጭ ከክፉዎች የምትጠብቅ ጀግና ናት። ሥዕሉ በተፈጸመ ጊዜ ለሦስት ሰዎች አሳየ።

የመጀመሪያው ባልንጀራው ነበረ። በሰፈሩ ቡና ቤት ተቀምጠው ሳለ ታብሌቱን ተቀብሎ ለጥቂት ጊዜ አየና «እጅግ ግሩም ነው፤ ምንም አይወጣለትም» ብሎ መለሰለት። ወጣቱ ለዚያ ቀን ደስ አለው፤ ነገር ግን በማግሥቱ ብዕሩን ባነሣ ጊዜ ከዚያ ምስጋና ውስጥ ለሥራው የሚሆን አንዲት ቃል ፈልጎ አጣ። ሁለተኛው በሥዕል ከርሱ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው ነበረ። እርሱም «ፊቷ ከጃፓን ሥዕሎች የተቀዳ ነው፤ ዐይኗን ተመልከት። ጊዜህን በዚህ ከምታጠፋ ሌላ ሥራ ብትይዝ ይሻልሃል» አለው። ስለ ዐይኗ የተናገረው እውነት ነበረ። ነገር ግን እውነቱን የሰጠው እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ፍርድ ስለ ሆነ፣ ወጣቱ በዚያ ሌሊት ታብሌቱን ሊሸጥ ቆረጠ።

ሦስተኛዋ አያቱ ነበሩ። ስለ ሥዕል የተማሩት ነገር የለም፤ በልጅነታቸው ግን በገጠር ውኃ ይቀዱ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ልጄ፣ ይህች ልጅ ውኃ ቀድታ አታውቅም» አሉት።

«እንዴት ዐወቁ፣ እማማ?»

«እንስራው ባዶ ነዋ። የሞላ እንስራ ያዘለች ሴት እንዲህ ቀጥ ብላ አትቆምም፤ ጎንበስ ትላለች። ገመዱ ሰውነቷን ይይዛታል፤ እጇም ገመዱን ይይዛል እንጂ እንዲህ በባዶ አይንሳፈፍም። ዐይኗም መንገዱን ነው የሚያየው፤ እንቅፋት የመታት እንደ ሆነ ውኃውም እንስራውም ይጠፋልና።»

ወጣቱ ተከራከረ። «እማማ፣ እርሷ እኮ ጀግና ናት፤ ሸክም አይከብዳትም» አላቸው። አያቱም «ጀግና ከሆነችማ ሸክሙ ይታይ፤ ሸክሙ ካልታየ ኃይሏ በምን ይታወቃል?» ብለው መለሱለት።

ይህን በሰማ ጊዜ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶም ተነሥተው እንዲያሳዩት ለመናቸው። እርሳቸውም ትራስ በነጠላ አዝለው በክፍሉ ውስጥ ጥቂት ርምጃ ሄዱ፤ እርሱም በአዲስ ሌየር ላይ የጀርባቸውን መጉበጥ፣ የጉልበታቸውን መታጠፍና የእጃቸውን አያያዝ ፈጥኖ ነደፈ። ልጅቱ በዚያ ንድፍ በታረመች ጊዜ ራሷ ወደ መንገዱ አዘነበለ፤ ዐይኗም ወደ ምድር ስለ ተመለሰ ያ የተዋሰችው ትልቅ ዐይን ስፍራ አጣ። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው በስድብ ያላስለቀቀውን ስሕተት አያቱ ስሙን እንኳ ሳይጠሩ አስለቀቁት። ታብሌቱም አልተሸጠም።

በዚህ ነገር ውስጥ ሊስተዋል የሚገባው፣ አያቱ «ያምራል» ወይም «አያምርም» አለማለታቸው ነው። ሥዕሉ ሊናገር የፈለገውን ነገር ተቀብለው፣ ያ ነገር ያልተነገረበትን ስፍራ በጣታቸው አመለከቱ። ከዚያም በላይ የተናገሩት በሚያውቁት ነገር ብቻ ነው። የሮም ጸሐፊ ፕሊኒዩስ ስለ ግሪካዊው ሠዓሊ ስለ አጴሌስ የተረከው ከዚህ ጋራ ይስማማል። አጴሌስ ሥዕሉን በአደባባይ አቁሞ ከበስተኋላው ተሸሽጎ የአላፊ አግዳሚውን ቃል ይሰማ ነበር ይባላል። አንድ ጫማ ሰፊ የጫማውን አሠራር በነቀፈ ጊዜ ሠዓሊው ቃሉን ተቀብሎ አረመ። በማግሥቱ ያው ሰው በእርማቱ ኰርቶ እግሩንም ሊነቅፍ በጀመረ ጊዜ ግን ጫማ ሰፊ ከጫማው በላይ እንዳይፈርድ ከለከለው። ሰዎች ይህን ታሪክ የሚጠቅሱት ጫማ ሰፊውን ለማሳፈር ነው፤ ነገር ግን ከታሪኩ የሚበልጠው ክፍል የመጀመሪያው ቀን ነው። ታላቁ ሠዓሊ ስለ ጫማ ከጫማ ሰፊ ተማረ፤ ስለ እንስራም እንስራ ካዘለ ሰው መማር እንዲሁ ነው።

እንዲህ ያለው የእርማት ሥርዓት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤት የቆመው በዚሁ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ መወድስ እንዲቆጥር አይጠየቅም፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሌሊቱን ሲያወርድ ሲያወጣ አድሮ ያገኘውን ይዞ በመምህሩ ፊት ይቆምና ይናገራል። መምህሩም ዜማው ቢሰበር፣ ቃል ከቃል ጋራ ባይሰምር፣ ሰሙ ከወርቁ ቢለያይ፣ የጎደለበትን ስፍራ ለይቶ ይነግረዋል። ተማሪው በዚያ ቀን ቢያፍር በማግሥቱ ሌላ ቅኔ ይዞ እንዲመጣ ይጠበቃልና እፍረቱ መጨረሻ አይሆንበትም። በዋሸራም ሆነ በዋድላ ሊቃውንቱ የወጡት እንዲህ በየቀኑ እየታረሙ ነው። የዛሬው ወጣት ሠዓሊ ያጣው የእጅ ተሰጥዎ አይደለም፤ በየቀኑ ሥራውን ይዞ የሚቆምበት ጉባኤ ነው።

አራሚ ሊሆን የሚሻ ሰው እንግዲህ አስቀድሞ የሠዓሊውን አሳብ ይጠይቅ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በሚታየው በጥንቱ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዐይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዐይን ይታያሉ። ይህን የማያውቅ እንግዳ ገብቶ «ሠዓሊው ሁለተኛውን ዐይን ረስቷል» ቢል፣ ስሕተቱ የነቃፊው እንጂ የሠዓሊው አይሆንም። ዛሬም አንድ ወጣት የገጸ ባሕርዩን እጅ ከልኩ አስበልጦ ቢሥል፣ አንጥረኛ መሆኑን ሊያሳይ ፈልጎ እንደ ሆነ ሳይጠይቁ መንቀፍ አይገባም።

አሳቡን ከተረዳ በኋላ አራሚው ስፍራውን ለይቶ ይናገር። «አንድ ነገር ይጎድለዋል» ማለት በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው። የሙሉ ሰው ቁመት ሰባት ራስ ተኩል ያህል እንደሚሆን፣ ዐይንም ከራስ ቅል አናት እስከ አገጭ ካለው ርቀት በእኩሌታው ላይ እንደሚያርፍ ሠዓሊዎች ያውቃሉ። ስለዚህ «ዐይኖቹ ወደ ግንባሩ ወጥተዋል፤ ወደ እኩሌታው አውርዳቸው» ቢባል ጀማሪው በዚያው ሰዓት ሊያርም ይችላል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሠዓሊው ሥራውን በመስታወት እያየ ስሕተቱን እንዲፈልግ መክሮ ነበር፤ ዛሬ ፕሮግራሙ ሥዕሉን በአንድ ትእዛዝ ግራውን ቀኝ ያደርገዋል፤ የተጣመመውም ፊት ወዲያው ይታያል። ገጸ ባሕርዩን በሙሉ በጥቁር ቀለም ሸፍኖ በጥላው ብቻ ማን እንደ ሆነ ይታወቅ እንደ ሆነ መመርመርም መልካም ፈተና ነው። እንዲህ ያለውን መንገድ ለጀማሪው ያሳየ ሰው አንድ ስሕተት ብቻ አላረመም፤ ራሱን የሚያርምበትን ዐይን ሰጠው።

የዚህ ዘመን መሣሪያ ለአራሚው የሰጠው ሌላም በረከት አለ። በሸራ ላይ የሌላውን ሥዕል በራስ ብሩሽ መንካት ድፍረት ነበር። አሁን ግን ከሥዕሉ በላይ አዲስ ሌየር ከፍቶ በቀይ መስመር «ክንዱ በዚህ ቢያልፍስ?» ብሎ ማሳየት ይቻላል። ያ ሌየር ሲዘጋ የባለቤቱ ሥራ እንደ ነበረ ይገኛል። ሆኖም ይህን ለማድረግ አስቀድሞ ፈቃድ መለመን ይገባል፤ የሰው ሥራ የሰው ቤት ነውና፣ በሩ ክፍት ቢሆንም ደጅ ሳይመቱ አይገባበትም። ከስሕተቶቹም ሁሉ አንዱን ወይም ሁለቱን መርጦ መናገር ይበቃል። ዐሥር ስሕተት በአንድ ቀን የተነገረው ሰው አንዱንም ሳያርም ይቀራል። መልካሙንም ነገር ለማባበያ ሳይሆን እውነት ስለ ሆነ ይናገር፤ ጀማሪው የቱን መጠበቅ እንዳለበት ካላወቀ፣ ሲያርም መልካሙን ጭምር ያጠፋዋልና።

እርማት ተቀባዩም የራሱ ሥራ አለበት። «እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ «ጥሩ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። «ሸክሙ ይከብዳል? ሽማግሌ መሆኑ ይታወቃል? ነጠላው ከትከሻዋ ላይ በእውነት ያረፈ ይመስላል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ለሥራ የሚሆን መልስ ያገኛል። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው፣ አጠያየቅን ካለማወቅም ይቀራል ተብሎ ሊተረጐም ይገባል። ቃሉን በሰማ ጊዜ ወዲያው ለመከራከር አይቸኩል፤ ጽፎ ይያዘው፤ አሳድሮም ይመልከተው። ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ስፍራ ሦስት የተለያየ መድኃኒት ቢያዝዙ፣ መድኃኒታቸውን ባይቀበል እንኳ ሕመሙ በዚያ ስፍራ መኖሩን ይወቅ። በንቀት የተነገረ ቃልም ውስጥ እውነት ቢገኝ፣ እሾሁን ትቶ ፍሬውን ይልቀም። የታረመውን ሥዕል ሲጀምር የቀድሞውን አያጥፋ፤ ቅጅውን ያኑር። መሣሪያው ስሕተትን ያለ ፋና የሚደመስስ ስለ ሆነ፣ የመጣበትን መንገድ ያላስቀመጠ ሰው ምን ያህል እንደ ተራመደ ማየት አይችልም።

እርማትን ሁሉ መቀበልም ግዴታ አይደለም። አሳቡ የሠዓሊው ነው፤ መጨረሻውንም የሚቆርጠው እርሱ ነው። ነገር ግን «አልቀበልም» ለማለት መብት የሚኖረው አስቀድሞ በእውነት ለሰማ ሰው ነው። ሳይሰማ እንቢ ያለ ሰው አሳቡን አልጠበቀም፤ ስሕተቱን ጠበቀ እንጂ።

በየቤቱ ሌሊት መብራት አብርተው የሚሥሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ሥራቸውን ሊያሳዩ የሚመጡትም ወደ ታላላቅ ሊቃውንት ሳይሆን ወደ አባትና እናት፣ ወደ መምህርና ጎረቤት ነው። «ስለ ሥዕል አላውቅም» ብሎ ፊትን መመለስ ትሕትና ቢመስልም ልጁን ያለ ጉባኤ መተው ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ገበሬው የበሬውን አጠማመድ፣ ሸማኔው የጥበቡን አወራረድ፣ ካህኑ የመቋሚያውን አያያዝ ያውቃል። ያችን አንዲት ዕውቀት በፍቅር ቃል ለይቶ መናገር ለልጁ የነገ ሥራ ይሆነዋል፤ ለሚናገረውም የሚያስከፍለው ጥቂት ጊዜ መቀመጥን፣ ደኅና አድርጎም መመልከትን ብቻ ነው።