የደረት አህያ

አንበሳ ይሸጣል። ርግብም ትሸጣለች። ዋልያ፣ ጣዎስ፣ ቢራቢሮ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ልብ የመሰለ ምልክት ያለው ጭላዳ፣ ሁሉም ቀን ይወጣላቸዋል። ዘንድሮ በገና ባዛር ላይ ግን ከሠራኋቸው ስድስት አህዮች አንዲቷን እንኳ የገዛ ሰው አልነበረም። አንዲት ወይዘሮ ብቻ አንሥታ፣ አገላብጣ አየቻትና፣ «ውይ፣ እንዴት ታምራለች!» ካለች በኋላ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ምነው?» አልኳት።

«ሰው ሲያየኝ ምን ይለኛል? የራሷን ፎቶግራፍ ለጠፈች አይለኝም?» ብላ ሣቀች።

ሣቋ ክፋት አልነበረበትም፤ እኔም አብሬያት ሣቅሁ። ማታ ስድስቱን አህዮች ወደ ካርቶናቸው ስመልስ ግን አንድ የቆየ ነገር መጥቶ ጉሮሮዬ ላይ ተቀመጠ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ስለዚያ ነገር ነው፤ እስክደርስበት ድረስ ግን ስለ ሥራዬ ጥቂት ላውጋችሁ።

ከጨርቅና ከክር የደረት ጌጥ እሠራለሁ። ብሮሽ የሚሉት ነው። የምኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሃና ማርያም ነው። በነገራችን ላይ፣ አንድ ጊዜ ቁራ የገዛኝ የውጭ አገር ሰው የክፍለ ከተማዬን ስም ሰምቶ ደስ አለው፤ በእርሱ ቋንቋ «ስልክ» ማለት ሐር ነውና የሐር ሠሪዎች መንደር መስሎት ነበር። ስሙ የመጣው ያለ ሽቦ፣ በነፋስ ላይ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው ከጥንቱ የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ መሆኑን ስነግረው ቅር ሲለው አይቼ አዘንኩለት። እዚያው ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ፣ ሳባሐር የሚባል የሽመና ድርጅት የጉሎ ቅጠል በሚበላ ትል ሐር እንደሚሠራ ጨምሬ ብነግረው ተጽናና።

እኔ የምሠራው በሐር አይደለም። አቡጀዴ በክብ የእንጨት መወጠሪያ ላይ እወጥራለሁ፤ ንድፉን በካርቦን ወረቀት አሳርፍበታለሁ፤ ከዚያ በጥልፍ ክር እሞላዋለሁ። ክሩ ስድስት ቀጫጭን ፈትሎች አብረው የሚሄዱበት ነው፤ ለእንስሳ ፀጉር ከስድስቱ አንዱን ብቻ ነጥዬ እወስዳለሁ። ጥልፉ ሲያልቅ ዙሪያውን ቆርጬ፣ ሆዱ ውስጥ ጥቂት ባዘቶ እከትና ጀርባውን ከጫማ ሠሪዎች በምገዛው የቆዳ ቁርጥራጭ እሸፍነዋለሁ። መርፌ ቁልፉን ለማስቲሽ ብቻ አላምነውም፤ እሰፋዋለሁ። ሁሉም ተደምሮ ከመዳፍ ያነሰ፣ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነገር ነው። አንዱ ሁለት ማታ ይፈጃል፤ መብራት ካልጠፋ።

መርፌ መያዝን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እርሷ ዕድሜዋን ሁሉ የሐበሻ ቀሚስ ላይ መስቀል ስትጠልፍ የኖረች ሴት ናትና የእኔ ነገር አይዋጥላትም። «ደረት ላይ መስቀል እንጂ አውሬ አይንጠለጠልም» ትለኛለች። እንስሳ በክር ሊነሣ እንደሚችል ያየሁት ከእርሷ ዘንድ ሳይሆን ከዘነበ ወርቅ፣ ከአለርት ግቢ ነው። ቦታው በንጉሡ ልጅ ስም የተጠራ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር፤ አለርት ራሱ የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከደዌው የዳኑ ሴቶች የጠለፏቸው ጨርቆች እዚያ ይሸጣሉ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ከመምህራችን ጋር ሄደን አንዲት እናት ዝሆን ስትጠልፍ አጠገቧ ቆምኩ። የሥጋ ደዌ ነርቭን ይገድላል፤ እጅ መርፌ ሲወጋው አያውቅም። ስለዚህ ሴትዮዋ ጣቷ የማይነግራትን ሁሉ በዓይኗ ትከታተል ነበር። እያንዳንዷን ስፌት ጎንበስ ብላ አይታ ነበር የምታልፈው። እንዲህ ተጠንቅቆ ዝሆንን ያየ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

እኔ ያንን ማየት የተማርኩት በቁራ ነው። የእኛ አገር ቁራ በሃና ማርያም የቆሻሻ ገንዳ ላይ በየቀኑ አብሮኝ ኖሯል፤ ጥቁር ወፍ ነው፣ አለቀ፣ ብዬ ነበር የማስበው። ለመጥለፍ ስቀመጥ ግን ጥቁሩ አልበቃኝም። ዲ.ኤም.ሲ. የሚባለው የፈረንሳይ ክር ፋብሪካ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1746 የተመሠረተው፣ ለየቀለሙ ቁጥር ሰጥቶታል፤ የጥቁሩ ቁጥር 310 ነው። በ310 ብቻ የሠራሁት የመጀመሪያው ቁራ ጨርቁ ላይ የተቃጠለ ቀዳዳ መሰለ። ወጥቼ ፀሐይ ላይ ሳየው ላባው ሰማያዊም ወይን ጠጅም አለበት። ምንቃሩ ከሌላው አገር ቁራ ሁሉ የወፈረ፣ እንደ መጥረቢያ የጎበጠ ነው፤ ማጅራቱ ላይ ደግሞ ነጭ ምልክት አለችው። ይህ ወፍ ከአፍሪካ ቀንድ ተራሮች ውጭ የትም አይገኝም። እኛ ግን ሄዶ የቀረውን ሰው «የቁራ መልክተኛ» ለማለት ካልሆነ አናነሣውም። ያም ሆኖ ቁራ ይሸጣል፤ በተለይ ጥቁር ካፖርት የሚለብሱ ወጣቶች ይወዱታል። ጅብ እንኳ አንድ ሁለት ተሽጧል።

የማይሸጠው አህያ ነው። ጥፋቱ የክሩ ሳይሆን የቋንቋችን ይመስለኛል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እንላለን። «ለአህያ ማር አይጥማትም» እንላለን። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ስንል እንኳ የምንፈራው አህያ እንደሌለ እያወቅን ነው። ስሟ ብቻውን ስድብ ነው፤ ቅጽል አይሻም። ይህ ሁሉ የሚባልባት አገር ደግሞ በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 የታተመ የዘረ መል ጥናት አህያ ለማዳ የሆነችው ከ7000 ዓመት ገደማ በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን አሳይቷል። የዱር ዘመዶቿ ዛሬ ቁጥራቸው እጅግ ተመናምኖ በአፋር በረሃና በአካባቢው ቀርተዋል። ዓለም ሁሉ ዕቃውን የጫነባት ከእኛ ደጅ ወጥታ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

አባቴ አህያ ነጂ ነበሩ። አስፋልቱና ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ፣ ከሣሪስ እህል ወደ ወፍጮ፣ ከወንዝ አሸዋ ወደ ግንበኛ ይጭኑ ነበር። ሦስት አህዮች ነበሩን፤ ዋናዋ ዳልቻ ናት። በመልኳ ነው የተጠራችው፣ አመድማ ናት። የግራ ጆሮዋን ጫፍ ጅብ ወስዶታል። በልጅነቴ አባቴን «አንተ» ነበር የምላቸው፤ ትከሻቸው ላይ እየተቀመጥኩ፣ «አባዬ ና፣ አባዬ ስጠኝ» እያልኩ ነው ያደግሁት።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ከትምህርት ቤት ስንወጣ አባቴ ጤፍ የጫኑ አህዮቻቸውን እየነዱ በበሩ አለፉ። ልብሳቸውን፣ ባርኔጣቸውን፣ ፊታቸውን ሳይቀር አቧራ አልብሶታል። አዩኝና ፊታቸው በራ። «የኔ ዓለም!» ብለው ተጣሩ። አንዷ ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞራ፣ «ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ጎረቤታችን ናቸው» አልኩ።

አባቴ ሰምተዋል። እርምጃቸው ለአንድ አፍታ ተገታ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉና፣ ለሁላችንም እኩል፣ «ደኅና ዋላችሁ ልጆች» ብለው አህዮቹን ነድተው ሄዱ።

ለአባቴ «ናቸው» ብዬ የማላውቀው ሰው፣ በአንቱታ የጠራኋቸው በዚያች ቅጽበት ነው፤ የካድኳቸው ዕለት። ማታ ቤት ስገባ «አንተ» ማለት አቃተኝ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አንቱ» ሆነው ቀሩ። እናቴ ልጇ ጨዋ እንደሆነችላት ለጎረቤት አወራች፤ ሰውም መረቀኝ። አባቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እኔም እንደዚሁ። ይኸው ሃያ ምናምን ዓመት ሆነው።

አህዮቹ አንድ በአንድ አለቁ፤ የአባቴም ጉልበት ደከመ። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ማረጃ ሕዝብ ተቆጥቶ መዘጋቱን ሬዲዮ ሲያወራ አብረን ቡና እየጠጣን ነበር። ቆዳዋ ባሕር ተሻግሮ በቻይና ለመድኃኒት እንደሚፈለግ ሲነገር አባቴ ሬዲዮውን ዘጉት። «ኖራም ተጭና፣ ሞታም ተጭና» አሉና ስኒያቸውን አስቀመጡ። ሌላ አልጨመሩም።

ከገናው ባዛር ማግሥት ካርቶኑን ከፍቼ ክር ስመርጥ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የጠለፍኳቸውን አህዮች ከዚያ በፊት አሳይቻቸው አላውቅም። አንዷን አነሡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ይቺ ተቆጥታለች» አሉ።

«እንዴት?»

«ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝተሻታል። እንዲህ ስታደርግ ከኋላዋ አይቆምም።» አገላበጧት። «ኩርታኑንም ወገቧ ላይ ነው የጫንሽው። ወደ ትከሻዋ አስጠጊው፤ ወገቧን ልትሰብሪያት ነው።»

ሣቅ መጣብኝ፤ ግን አልሣቅሁም፤ እርሳቸው የሚቀልዱ አልነበሩም። ሁለተኛዋን አነሡ፤ ሦስተኛዋን። በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «መስቀሏስ የታለ?» አሉኝ።

«የምን መስቀል?»

በጣታቸው በጠረጴዛው ላይ ሠሩልኝ። ከጋማዋ ተነሥቶ በጀርባዋ ላይ እስከ ጭራዋ የሚወርድ ጥቁር መስመር አለ፤ ሌላ መስመር ደግሞ ከትከሻ ወደ ትከሻ ያቋርጠዋል። ከዳልቻ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ግን ይህን አላውቅም ነበር። ቁራ ማጅራቱ ላይ ነጭ እንዳለው ለደንበኞቼ የምተርክ ሴት!

«ታዲያ ከየት ታውቂዋለሽ?» አሉ፤ የሚያጽናኑኝ ይመስሉ ነበር። «አንቺ ሁልጊዜ ተጭና ነው ያየሻት። ማታ ማታ የማራግፋት እኔ ነበርኩ።»

ስድስቱን አህዮች ፈታኋቸው። አዲሱን ንድፍ ከጎን ሳይሆን ከላይ፣ ጭነቷ ከወረደ በኋላ ራሷን ዝቅ አድርጋ ስትቆም አነሣኋት። ለአመድማው መልክ አራት ዓይነት ግራጫ አቀላቀልኩ፤ አፏንና የዓይኖቿን ዙሪያ ነጣ አደረግሁት፤ እውነተኛ አህያ እንደዚያ ናትና። ጆሮዎቿን ለብቻ ጠልፌ ጨርቁን አጥፌ አቆምኳቸው፤ የግራውን ጫፍ በመቀስ ቆረጥኩት። መስቀሏን በቡናማ ክር፣ በሰንሰለት ስፌት ሠራሁ። ሦስት ጊዜ ፈታሁት፤ አንዴ ቀጠነ፣ አንዴ ወፈረ፣ አንዴ ደግሞ ትከሻዋን ስቶ አንገቷ ላይ ዐረፈ። ለአራተኛው ስቀመጥ እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ «ክሩን ሰም አስነኪው፣ አይበተንብሽም» አለችኝ። ስለ አውሬ አላነሣችም።

የሆሳዕና ዕለት ማለዳ ቤታችን ሁሉ ነጭ ለብሶ ነበር። እናቴ የዘንባባ ቀለበቷን በጣቷ አጥልቃለች። አባቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ሲፈልጉ ጌጡን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። መርፌ ቁልፉን ስከፍተው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቀና በል አባዬ፣ እንዳይወጋህ» አልኩት።

ለአፍታ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀና አለ፤ ሰካሁለት።

በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ የድሮ ወዳጁ ሰላም ካለው በኋላ ደረቱን አይቶ፣ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብሎ ሣቀ።

«ዳልቻ ናት» አለ አባቴ። «ልጄ ናት የጠለፈቻት፤ ይቻትና።»

እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ግቡ እንጂ፣ ቅዳሴው ገባ» አለችን።