ግማሽ ቲያትር

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ከአሜሪካ ደውላ፣ “እማማ፣ እውነት ቲያትር ቤት ተደብቀሽ ትገቢ ነበር?” አለችኝ። እናቷ ነግራታለች ማለት ነው። ስንት ዓመት ለቤተሰብ መርዶ ሲናገር የኖረ አፌ ለስምንት ዓመት ልጅ የሚመልሰው አጣ። “አዎ” ብቻ አልኳት። የቀረውን በስልክ መናገር አይመችም።

አዲስ አበባ በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ ጥቂት ዓመታት ከሠራሁ በኋላ ልጄን ይዤ ኒውዮርክ ገባሁ። የዚያን አገር ፈተና እስካልፍ ድረስ ዲፕሎማዬ ወረቀት ብቻ ነበርና፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት የአልጋ ቁራኛ ሳገላብጥ አድር ነበር። የእኔና የልጄ ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው። በባዶ ኪስ ደግሞ ከልጅ ጋር የት ይኬዳል?

ዘዴውን ያስተማረችኝ ከጃማይካ የመጣች የሥራ ባልደረባዬ ናት። በብሮድዌይ ቲያትር ቤቶች ትኬት የሚታየው ሲጀመር ነው። የቅዳሜ ቀኑ ትርኢት በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ እረፍት ይሆናል። ተመልካቹ ሲጋራ ለማጨስ፣ አየር ለመውሰድ በር ላይ ይፈሳል። ተመልሶ ሲገባ ያኔ ማንም አይጠይቀውም ነበር። “ካፖርት እንዳትለብሱ” አለችኝ፣ “የገባ ሰው ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ነው የሚወጣው። የተጣለ የፕሮግራም መጽሔት አንሺና ያዢ። መብራት ሊጠፋ ሲል ባዶ ወንበር ፈልጊ።” ነገሩ ስምም አለው፤ ሰከንድ አክቲንግ ይሉታል።

እኔ ነርሷ፣ ስለ ሳንባ ምች ሰው የማስተምረው፣ በዚያ ብርድ ልጄን በሹራብ አቁሜ እረፍት እጠብቅ ነበር።

ደስታው ግን ደስታ ነበር፤ አልክድም። በባቡር ስንመለስ ያላየነውን የመጀመሪያ ክፍል እኛው እንፈጥረዋለን። ልጅቷ የማን ልጅ ናት? ሰውዬው ምን አድርጎ ነው የሚሸሸው? ‘ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ’ን ሁለት ጊዜ አይተን ትልቁ የጣሪያ መብራት ሲወድቅ አላየንም፤ የሚወድቀው ከእረፍት በፊት ነዋ! የአንድ ትኬት ዋጋ የሁለት ቀን ደሞዜን ይበላል። ወንበሩ ባዶ ነው፣ ማን ተጎዳ? እል ነበር ለራሴ።

እ.ኤ.አ. በ1992 ክረምት፣ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ፣ 45ኛው ጎዳና ላይ ባለው ኢምፔሪያል ቲያትር ‘ሌ ሚዜራብል’ን ልናይ ገባን። በቪክቶር ሁጎ መጽሐፍ ላይ የተሠራው ሙዚቃዊ ቲያትር ነው። ሁለት ወንበር አግኝተን እንደተቀመጥን ባልና ሚስት መጡ፤ ባለቤቶቹ ናቸው። አንዲት ሸምገል ያለች አስተናጋጅ ባትሪዋን ይዛ መጥታ ትኬት ጠየቀችኝ።

“ጠፍቶብኝ ነው” አልኳት።

ልጄ በጠራ እንግሊዝኛ፣ “ትኬት የለንም” አለች።

የፊታችን ሰዎች ዞሩ። ሴትዮዋ ልጄን አየቻት፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ በባትሪዋ መንገድ እያበራች ወደ መጨረሻው ረድፍ ወሰደችንና ሁለት ወንበር አሳየችን። አንድም ቃል አልተናገረችም። መድረኩ ላይ የሆነውን አላስታውስም።

ባቡር ውስጥ ልጄ፣ “ለምን ዋሸሽ?” አለችኝ።

“ወንበሩ ባዶ ነበር እኮ።”

“እሺ። ታዲያ ለምን ዋሸሽ?”

ከሳምንት በፊት የቤት ሥራዬን ሠርቻለሁ ብላ ስለዋሸችኝ አስለቅሻት ነበር። መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን የመጀመሪያውን ክፍል አልፈጠርንም። በኋላ ታይምስ ስኩዌር ያለው ኪዮስክ የዕለቱን ትኬት በቅናሽ እንደሚሸጥ ሰማሁና ተሰልፌ ሁለት ቆረጥኩ። ልጄ አልሄድም አለች። አላስገደድኳትም። ከዚያ በኋላ ቲያትር የሚባል ቃል እቤታችን አልተነሳም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ነው ራሷ ያነሳችው። ‘ሌ ሚዜራብል’ ወደዚያው ወደ ኢምፔሪያል ተመልሶ ነበር። ሁለት ትኬት ገዝታ መጣች። ገና እንደተጀመረ ከእስር የተፈታ ሰው ያሳደሩትን ጳጳስ የብር ዕቃ ሰርቆ ይሄዳል። ፖሊሶች ይዘው ሲያመጡት ጳጳሱ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት ብለው፣ የብር መቅረዞቹንም ጨምረው ይሰጡታል። ያቺ ባለባትሪዋ ሴትዮ ይህን በሳምንት ስምንት ጊዜ ትሰማው ነበር ማለት ነው። ዓይኔን በመሐረብ ጠረግኩ። ልጄ ወደ እኔ አልዞረችም።

በእረፍቱ አየር ልንወስድ ወጣን። ስንመለስ ትኬት የጠየቀን የለም። የሰላሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ በገዛ ገንዘቧ የገዛችውን ትኬት፣ የእኔንም ጨምራ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ከእጇ አልለቀቀችውም።