ከማማው ላይ የታየ ጨዋታ

አንባቢ ሆይ፥ በልጅነትዎ የማሽላ ወፍ ጠብቀው ያውቃሉን? ጠብቀው እንደ ሆነ የምነግርዎትን ነገር ግማሹን ያውቁታል ማለት ነው። ጠብቀው የማያውቁ እንደ ሆነ ግን ጥቂት ይታገሡኝ። የምጽፍልዎት ስለ እግር ኳስ ነው፤ ወፉም ማሽላውም ሳይቈዩ ወደ ኳሱ ሜዳ ያደርሱናል።

እኔ የተወለድሁት በቆቦ ከተማ አጠገብ ነው። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ አላማጣ የሚሄደው መንገድ ሮቢትን ካለፈ በኋላ በሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፥ በምዕራብ የላስታ ደጋ ቆመው ሲተያዩ የራያ ቆላ በመካከላቸው ተኝቷል። ዝናቡ ጥቂት ነው፤ አፈሩ ግን ለም ነው። በደጋው ላይ የዘነበው ውኃ በእነ ሆርማትና በእነ ጎሊና ወንዝ ጎርፍ ሆኖ ሲወርድ፥ ገበሬው በቦይ እየጠለፈ ወደ ማሳው ያስገባዋል። በዚህ ዓይነት የሚበቅለው ማሽላ ሰውን ከነከብቱ የሚያኖር ነው፤ እህሉ ለእንጀራ፥ አገዳው ለከብት መኖና ለማገዶ፥ ጥንቅሹ ደግሞ ለልጆች ጥርስ።

ታዲያ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ግሪሳ ይመጣል። አንዱ ግሪሳ ከድንቢጥ አይበልጥም፤ ሲመጣ ግን እንደ ደመና ሆኖ ነው። ያረፈበትን ማሳ ለባለቤቱ አገዳ ብቻ አስቀርቶለት ይሄዳል። ስለዚህ በየማሳው መካከል አራት ባላ ተተክሎ ማማ ይሠራል፤ በማማውም ላይ ወንጭፍና ጅራፍ የያዘ ልጅ ይወጣል። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በአጎቴ ማሳ ላይ ያ ልጅ እኔ ነበርሁ።

የወፍ ጥበቃ ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፥ ድንጋዩን ወፉ ወዳለበት ሳይሆን ሊያርፍ ወዳሰበበት መወርወር ነው። ሁለተኛው፥ ምንም ነገር ቢመጣ ከማማው አለመውረድ ነው። አንድ መንጋ በስተ ቀኝ ሲያርፍ ተናድዶ ወርዶ የሚያባርር ልጅ፥ ሮጦ ሲመለስ በስተ ግራ ያለውን ማሽላ ተበልቶ ያገኘዋል። ይህን ሕግ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ያስተማረኝ የአጎቴ ቊጣ ነው።

ኳስ የተማርነው ደግሞ በሆርማት አሸዋ ላይ ነበረ። ወንዙ በበጋ ሲደርቅ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን በገመድ አስረን እናንከባልል ነበር። አሸዋ ላይ ሲሮጥ ያደገ ልጅ ደረቅ መሬት ሲያገኝ እግሩ ይቀለዋል። እኔም ፈጣን ነበርሁና ቦታዬ ሁልጊዜ ከፊት ነበረ። ጎል ያገባ ልጅ በትከሻ ይዞራል፤ ጎል ያዳነ ልጅ ግን ኳሱን ከቁጥቋጦ ውስጥ ይፈልጋል። ይህን ያየ ልጅ ወዴት መቆም እንደሚመኝ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

በ1988 ዓ.ም. ኮሌጅ ስገባ የኮሌጁ ቡድን በአጥቂነት ተቀበለኝ። በቡድናችን ውስጥ የነበርነው ልጆች ከአንድ እናት የተወለድን አልነበርንም። የአዲስ አበባው ልጅ በጠባብ ሰፈር፥ በግንብና በቦይ መካከል ያደገ ስለ ነበረ ኳሱን በአንዲት ክንድ ስፋት ውስጥ ይዞ ሦስት ሰው ያታልላል። ከደጋ የመጣው አማካያችን ትምህርት ቤቱ ከቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቅ ስለ ነበረ ዘጠና ደቂቃ መሮጥ ለእርሱ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄድ አይበልጥበትም። በረኛችን የደሴ ልጅ ነበረ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩና እርሱም በልጅነቱ ቁልፍ ሲተክል የኖረ፥ ጣቶቹ የማይስቱ ልጅ ነው። ሁሉም ያደገበትን ነገር በጨዋታው ውስጥ ይዞት ይወጣ ነበር።

እኔ ግን ከየት እንደ መጣሁ ስጠየቅ «ከቆቦ ከተማ» ብዬ አልፋለሁ። ስለ ማማውና ስለ ወንጭፉ ለማንም አልተናገርሁም። ወፍ ጠባቂ መባልን ፈራሁ።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ አሠልጣኛችን ለብቻዬ ጠራኝ።

«ከነገ ጀምሮ ከኋላ ትቆማለህ» አለኝ።

«ጋሼ፥ ምን አጠፋሁ?» አልሁት።

«ምንም አላጠፋህም። ከፊት ያንተን ያህል የሚሮጥ ሌላ ሁለት ልጅ አለኝ። ኳሱ ሳይመጣ የሚመጣበትን ቦታ የሚያይ ልጅ ግን ካንተ በቀር አላየሁም። ይህን ነገር ከየት ተማርኸው?»

መልሱን አውቀው ነበር። ዳሩ ግን ከኋላዬ ጓደኞቼ ልብሳቸውን እየለወጡ ይሰሙ ስለ ነበረ «እንጃ» ብዬ ዝም አልሁ። አንባቢ ሆይ፥ በሕይወቴ ካልኋቸው ቃላት ሁሉ አብዝታ ያስከፈለችኝ ይህች «እንጃ» ናት።

ከኋላ ቆምሁ፤ ልቤ ግን ከፊት ነበረ። ለአገሬ ልጆች በምጽፈው ደብዳቤ ውስጥ አሁንም አጥቂ ነበርሁ። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ የኮሌጆች ውድድር ደረሰና ለግማሽ ፍጻሜ ቀረብን። አንድ ለአንድ ሆነን አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀር የማዕዘን ምት አገኘን። አሠልጣኙ በእጁ «ባለህበት ቁም» እያለ ያመለክተኛል። እኔ ግን እንዳላየ ሰው ሆኜ ወደ ፊት ሮጥሁ። ኳሱ መጣ፤ ዘለልሁ፤ ሳትሁት። የእነርሱ ተከላካይ በረጅሙ ሲመታው ለፈጣኑ የክንፍ ተጫዋቻቸው ደረሰው። ዞሬ ባየሁ ጊዜ የሜዳችን ግማሽ ባዶ ነበረ። በረኛችን ብቻውን ከግቡ ወጥቶ ተወረወረ። ከተጫዋቹ ጋራ ተጋጭተው ሁለቱም ወደቁ፤ ኳሱም ቀስ ብሎ ተንከባልሎ ገባ።

ተሸነፍን። ይህ ግን ትንሹ ጉዳት ነው። የበረኛችን ቀኝ እጅ ከአንጓው ላይ ተሰብሮ ነበር። እርሱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረ፤ ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በግራ እጁ ሊጽፍ ሞክሮ አልቻለም። ጓደኞቹ ሲመረቁ እርሱ ዓመቱን ሊደግም ቀረ፤ ልጃቸው ተመርቆ ያግዘናል ብለው ሲጠብቁ የነበሩት አባቱም አንድ ዓመት በመኪናቸው ላይ አጎንብሰው ቈዩ።

ከሁሉ የሚገርመው፥ ማንም እኔን አልወቀሰኝም። ተመልካቹ ዳኛውን ሰደበ፤ ተማሪው ዕድልን አማረረ። አሠልጣኙም ዝም አለ። በረኛው ብቻ ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ በጀሶ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፥ እኔ ኳሱን መጠበቅ እችላለሁ። አንተንም ጭምር ግን መጠበቅ አልችልም።»

በዚያ ክረምት አገሬ ገባሁ፤ በአንድ ጉዳይም እስከ ጥቅምት ቈየሁ። ማሽላው አፍርቶ ነበር። አንድ ማለዳ የአጎቴ ልጅ ታሞ ስለ ነበረ ማማው ላይ እኔ ወጣሁ። ግሪሳው ከዞብል በኩል ተነሣ። መጀመሪያ እንደ ጭስ፥ ቀጥሎ እንደ ጥላ ሆኖ ሲመጣ እጄ ሳላዘው ወንጭፉን አዞረ፤ ድንጋዩም መንጋው ሊያርፍበት ካሰበው ቦታ አንድ እርምጃ ቀድሞ ወደቀ። መንጋው ዞሮ ሄደ። ከዚያ ከፍታ ላይ ማሳው በሙሉ ይታያል፤ ወፉ ከየት እንደሚመጣ፥ ማን የት እንደ ቆመ፥ የቱ ጥግ እንደ ተረሳ። ከዚህ ቦታ የተሻለ የሚያይ ሰው የለም። አሠልጣኙ ያቆመኝም እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነበረ።

ማታ ለአጎቴ ስለ በረኛው ነገርሁት። አጎቴ ኳስ አይወድም፤ ስለ ኳስም ምንም አያውቅም። ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ «ታዲያ ማን ውረድ አለህ?» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እዚህ ላይ ከቆቦ ጥቂት ራቅ ብለን እንመልከት። ጀርመናዊው ፍራንዝ ቤከንባወር እ.ኤ.አ. በ1964 ለባየርን ሙኒክ መጀመሪያ ሲሰለፍ በግራ ክንፍ ነበረ። በ1966 የዓለም ዋንጫ ላይ በአማካይነት ተጫወተ። በ1974 ግን የመጨረሻ ተከላካይና አምበል ሆኖ ዋንጫውን አነሣ። ወደ ኋላ በሄደ መጠን ሜዳው ይበልጥ የእርሱ ሆነ። በእኛም አገር ይድነቃቸው ተሰማን እናስታውስ። ጅማ ተወልደው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የተማሩት ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ጎል አግቢ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ግን ቦታቸው ከሜዳው ዳር ሆነ፤ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1987 ድረስ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚደንት ሆነው ሠሩ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የተሰለፉትም እንደ እኛ ኮሌጅ ልጆች አስተዳደጋቸው ልዩ ልዩ ነበረ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከጣሊያን ወታደርና ከኤርትራዊት እናት አስመራ ላይ ተወልዶ፥ በክልስነቱ እየተሰደበ ያደገ ሰው ነው። በዚያ ቀን ቡድኑ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ነበር። መጀመሪያ ግርማ፥ ኋላ በ84ኛው ደቂቃ ሉቻኖ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩበት። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ያ በትውልዱ ይሰደብ የነበረው ልጅ ነው። እኔ ግን ማንም ሳይሰድበኝ በራሴ አስተዳደግ አፍሬ ነበር።

ወደ ኮሌጅ ስመለስ አሠልጣኙን ፈልጌ «ጋሼ፥ ያን ጊዜ የጠየቅኸኝን አሁን ልንገርህ» ብዬ ስለ ማማው ነገርሁት። ሳቀ፤ በእኔ ላይ ግን አልሳቀም። «በል እንግዲህ፥ ውጣ» አለኝ።

በዚያ ዓመት አንድም ጎል አላገባሁም። ከዚያው ካሸነፈን ኮሌጅ ጋራ እንደ ገና ተገናኘን። ያ የክንፍ ተጫዋች አሁንም ፈጣን ነበረ። ኳሱን ይዞ በቀኝ በኩል ሲመጣ ጓደኞቼ ሁሉ ወደ እርሱ ተሳቡ። እግሬ ሊከተላቸው ፈለገ፤ እኔ ግን ቆምሁ። ኳሱ በእርግጥ ወደ ግራ ተሻገረ፤ የሚያርፍበትን አውቀው ስለ ነበረ ቀድሜ ደርሼ አወጣሁት። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላዬ ብቻ ዓመቱን የደገመው በረኛ «ጎበዝ የቆቦ ልጅ!» ብሎ ሲጮኽ ሰማሁ። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ። በትከሻም ያዞረኝ የለም፤ እኔ ግን ያን ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት እርስዎ ተማሪ ነዎት፤ የተመደቡበት የትምህርት ክፍል ከተመኙት ሌላ ሆኖብዎታል። ወይም ሥራ ከጀመሩ ገና ሁለተኛ ዓመትዎ ነው፤ ከሚታዩበት ጠረጴዛ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውረው አኩርፈው ተቀምጠዋል። የተሰጠዎት ቦታ ሁሉ ትክክል ነው አልልዎትም። ሰውን በቂም ወይም በስንፍና የሚያዛውር አለቃ መኖሩን አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለው ሲገጥም አቤት ማለት ይገባል። ነገር ግን ከማኩረፍዎ በፊት አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ። ያዛወረዎት ሰው ሲሠሩ አይቶዎታልን? አይቶዎት እንደ ሆነ፥ እርስዎ የደበቁትን ነገር አይቶ ይሆናል። ቅር ቢልዎትም ቦታውን ሳይለቁ ቅር ይበልዎት። የእርስዎን ባዶ ቦታ ሊሸፍን የሚወረወር ሌላ ሰው ከኋላዎ አለና።

በረኛው በሚቀጥለው ዓመት ተመርቆ ዛሬ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ለበዓል ሁሉ ይጽፍልኛል። ስልክ ካለ ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል ብለው እንደ ሆነ፥ ይህን ልማድ የጀመረው እጁን ለማሠልጠን ነበረ፤ በዚያው ቀረ። እጁ ድኗል፤ ጽሕፈቱ ግን እስከ ዛሬ ወደ ግራ ያዘነብላል።